ሐይቅ ስለው የከረምኩት ኩሬ

ሰው ስለ ልጁ ሥራ ሲጠየቅ ትንሽ መጨመሩ አይቀርም። ባንክ በር ላይ ቆሞ የሚፈትሽ ልጅ ያለው አባት «ልጄ ባንክ ገብቷል» ይላል። ውሸት ነው? አይደለም። እስከ በሩ ድረስ ገብቷል። እኔ ግን ወዳጆቼ፣ አልጨመርኩም። እኔ የቀነስኩ ሰው ነኝ። ያውም አንዲት ቃል ብቻ። አንዲት ቃል በመቀነስ ይህን ያህል ጣጣ ይመጣል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ህሊና ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራው በወፍ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ርዕስ በአንድ ትንፋሽ ተነብቦ አያልቅም። ባጭሩ ግን ከከተማው በታች ያሉት የፍሳሽ ኩሬዎች ዳር የሚኖሩ ወፎች ከወቅት ወቅት እንዴት እንደሚለዋወጡ ነው የምታጠናው። አዎ፣ የፍሳሽ። አትሳቁ። ከየቤታችን በቱቦ የወረደው፣ ከየጉድጓዱ በመኪና የተመጠጠው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። በወር ሁለት ቅዳሜ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነፅር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትሄዳለች።

እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳረቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ ፋይል «ጠፋ» አይባልም፤ «በመፈለግ ላይ ይገኛል» ነው። ሥራ «አልተሠራም» አይባልም፤ «ሂደቱ በጥሩ ሁኔታ ቀጥሏል» ነው። እጁ እንዲህ መጻፍ የለመደ ሰው «ልጄ የሽንት ቤት ውሃ ላይ ወፍ ትቆጥራለች» ብሎ እንዴት ይናገር?

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በር ለበር የምንተያየው ከጋሽ ወልዴ ጋር ነው። ጋሽ ወልዴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የመኪና ዕቃ ሲሸጡ ኖረው አሁን ሱቁን ለልጆቻቸው ትተዋል። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የሞተ ያስቀብራሉ፣ ደረጃ ላይ የሚወጣ የሚወርደውን ሁሉ ይጠይቃሉ። አንድ ቅዳሜ ታዲያ ደረጃው ላይ ያዙኝ። ህሊና በማለዳ ቦት ጫማ አድርጋ የት ነው የምትሄደው አሉኝ።

«ጥናት አላት» አልኩ። «ኩሬ ላይ...» አፌ ላይ የነበረውን ቃል ዋጥ አደረግኩና «ሐይቅ ላይ» አልኩ።

ፊታቸው ፈካ። «ሐይቅ ከሆነማ ዓሣ አለዋ!» አሉ።

እንግዲህ አገራችሁን ታውቃላችሁ። ምንጃር የሄደ ጤፍ ሳይጠይቅ፣ ደብረ ብርሃን የሄደ ብርድ ልብስ ሳይገዛ፣ ሐይቅ የሄደ ዓሣ ሳይዝ ከተመለሰ ነውር ነው። ጎረቤት ይቀየማል። ጋሽ ወልዴ ደግሞ ዓሣ ሲወዱ ለጉድ ነው። በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እሳቸው ጋ አይሠራም። «ውሃ ውስጥ የበቀለ ሁሉ አትክልት ነው» ብለው ዘግተውታል።

ምን ላድርግ? ጠመንጃ ያዥ ወደምትገኝ አንዲት ዓሣ ቤት ሄድኩና ሁለት ቆሮሶ ገዛሁ። በጋዜጣ ጠቅልዬ በመሥሪያ ቤት ቦርሳዬ ከትቼ ገባሁ። ህሊና ከኩሬው ስትመለስ ጠብቄ፣ በራቸውን አንኳኩቼ «ልጅዎ ከሐይቅ ይዛልዎት መጣች» አልኩ። መረቁኝ። አንድ ጊዜ የተመረቀ ሰው ደግሞ መመለስ አይሆንለትም። በሁለተኛው ቅዳሜ ደገምኩ። በሦስተኛው ጋሽ ወልዴ ራሳቸው በር ከፍተው ጠበቁኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመቱን ሙሉ ዓሣ አመላላሽ ሆንኩላችሁ። ቦርሳዬ መሽተት ጀመረ፤ የኮንዶሚኒየሙ ድመቶች ሁሉ ከግቢው በር ጀምረው እስከ ሦስተኛ ፎቅ ያጅቡኝ ነበር።

የሚያናድደኝ ደግሞ ምስጋናቸው። «የሐይቁ ዓሣ እኮ ሌላ ነው» ይሉኛል። «ጠመንጃ ያዥ የሚሸጠው ከሞተ የሰነበተ ነው። ይሄ ግን ትኩስነቱ ይታወቃል።» አንድ ዓሣ! ከአንድ በረዶ የወጣ!

ህሊና ታዲያ ይህን ስትሰማ ትቆጣኛለች። እሷ አታፍርም። «አባዬ፣ ፍሳሽ በለዋ! ምን ችግር አለው?» ትለኛለች። ምን ችግር አለው! የሃያ ሰባት ዓመት ያላገባች ልጅ ያለው አባት ችግሩን ያውቀዋል። ስሟ አንዴ በሽንት ቤት ከተነሳ በሯን ማን ያንኳኳል? የእኔ ጭንቀት ሌላ አልነበረም፤ ልጄ ጥሩ ሰው እንድታገባ ነው። ለዚህ ስል ነው የዋሸሁት። እሺ፣ ትንሽ ለራሴም።

ልጄ የምትውልበትን ላየው ብዬ አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ነሐሴ ነው። ሁለት ታክሲ ለዋውጠን፣ ጭቃ አቋርጠን ደረስን። ሽታውን አልነግራችሁም፤ ምናልባት ምሳ ልትበሉ ይሆናል። ኩሬው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወፍ ግን የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሁለት ዝይ፣ ጥቂት ቁራ፣ አጥሩ ላይ አንድ አባ ኮዳ። አባ ኮዳ ማለት ያ ራሰ በራው፣ ከረጢት አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው፣ ጡረታ እንደወጣ ዳኛ አቀርቅሮ የሚቆመው ትልቅ ወፍ ነው። ተያየን። የታዘበኝ መሰለኝ።

«ለዚህ ነው ዲግሪ የሚሰጡሽ?» አልኳት። እሷ እየጻፈች አስረዳችኝ። በክረምት አገሩ ሁሉ ውሃ ስለሆነ ወፉ በየማሳው፣ በየረግረጉ ይበተናል አለች። ኩሬው ሲሞላ ደግሞ ዳር ዳሩ ያለው ጭቃ ይዋጣል፤ በረጅም ምንቃራቸው ጭቃ እየወጉ ትል የሚለቅሙት ወፎች መቆሚያ ያጣሉ። «ታዲያ ወፍ ከሌለ ምን ትቆጥሪያለሽ?» ብላት «አለመኖራቸውን እቆጥራለሁ» አለችኝ። ገረመኝ። እኛ መሥሪያ ቤት ስንትና ስንት የማይገኝ ሰው አለ፤ አንድም ቀን የቆጠረው የለም።

ኅዳር ላይ ደግሜ ሄድኩ። ጉድ አየሁ! ውሃው በዳክዬ ብዛት አይታይም። የሚጠልቀው ይጠልቃል፣ ቂጡን ወደ ሰማይ አቁሞ የሚፈልገው ይፈልጋል፣ ጭቃው ላይ ቀጫጭን እግር ብቻ የሆነ ፍጥረት ይሯሯጣል። ከመስቀል በኋላ ጀምረው ነው የሚገቡት አለችኝ። ከየት? ከአውሮፓ፣ ከሩሲያ ማዶ፤ ብርዱን ሸሽተው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። የእኛ ሰፈር ወጣት አውሮፓ ለመግባት ኤምባሲ በር ላይ ፀሐይ ይጠብሰዋል። እነዚህ አውሮፓ ተወልደው፣ ባሕር አቋርጠው፣ በረሃ አልፈው የሚመጡት የልደታን ሽንት ቤት ፍለጋ ነው! ውሃው ላይ የሚፈላው ትንኝና ትል ነው የሚስባቸው አለች። ለካ እኔ ጠዋት ጠዋት ውሃ በለቀቅኩ ቁጥር ለሩሲያ ዳክዬ ቁርስ አቀርብ ኖሯል። ቤተኞቹ ዝይዎች ደግሞ ጥግ ይዘው ይነጫነጫሉ። እንግዳ ሲበዛ የቤት ልጅ ሁሌም ጓዳ ነው የሚገባው።

ጥር ላይ ይበዛሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ እኛ ሽሮ ስንቆጥር እነሱ ለመልስ ጉዞ ስብ ያጠራቅማሉ። ፋሲካ ደርሶ እኛ ሥጋ ላይ ስንሰፍር እነሱ ተነስተው ይሄዳሉ። ኩሬው መልሶ ለእነዚያ ዝይዎችና ለአባ ኮዳ ይቀራል። የልጄ ጥናት በአጭሩ ይኸው ነው።

ከፋሲካ በኋላ ነው እንግዲህ ሚስቴ አስቴር ምሥራቹን ያመጣችው። ህሊና የወደደችው ልጅ አለ፤ ዮናስ ይባላል፤ ሽማግሌ ሊልክ ነው። «ሥራው ምንድን ነው?» አልኩ። «ውሃ ላይ ነው የሚሠራው» አለችኝ። ውሃ! መሐንዲስ ታየኝ። ግድብ ታየኝ። ራሱ ላይ ቢጫ ቆብ ያደረገ አማች ታየኝና ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሽማግሌ ሲመጣ ደግሞ በእኛ በኩል መልስ የሚሰጥ ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። ከጋሽ ወልዴ ሌላ ማን አለኝ? ሄጄ ለመንኳቸው። «የእኔም ልጅ አይደለች እንዴ!» አሉኝና ወዲያው ሕጉን አስቀመጡ። «ስማ፣ በመጀመሪያ ቀን ልጅ አይሰጥም። ዛሬውኑ ሰጠን ካልን በር ከፍተን ስንጠብቃቸው የነበርን ያስመስላል። እንማከርበት ብዬ ሁለት ሳምንት እቀጥራቸዋለሁ። ልጁን እስከዚያ እናጣራዋለን። የምናገረው እኔ ነኝ፤ አንተ ዝም ነው ሥራህ።» ተስማማን። ቀጠሮውን ስንሰጣቸው ፊቴን ኮስተር እንዳደርግም አስጠኑኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። «ተቀመጡ» አልን። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ደንቡ ነው። መሪያቸው አቶ ደቻሳ የሚባሉ ረዘም ያሉ፣ ድምፃቸው ወፍራም የሆነ አዛውንት ነበሩ። ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጨረሱ። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? ግን ልጅቷን ማሞገስ አማራቸው።

«እኔ ልጅቷን እዚህ ቤት ከመምጣቴ በፊት ነው የማውቃት» አሉ። «ኩሬው ጥበቃ ላይ ስሠራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁት ገና ዘንድሮ አይደል? በክረምት ዝናቡ ሲወርድባት ፕላስቲክ ደብተሯ ላይ ደርባ፣ እሷ እየበሰበሰች ደብተሩን ታድናለች። ወፍ ባይኖርም ትመጣለች። በበጋ ከማለዳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆማለች። ‹ልጄ፣ ውሃ እንኳን ቅመሺ› ስላት ‹ከአሥር በላይ ዓይነት ዳክዬ ቀርቶኛል› ትለኛለች። ከፈረንጆቹ ወፎች የመጀመሪያዎቹ የገቡ ቀን ሮጣ መጥታ ጉልበቴን ስማለች። እንዲህ ያለች ልጅ የት ትገኛለች?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አፈርኩ። በልጄ አይደለም፤ በራሴ። የሰው ጥበቃ እንዲህ የኮራባትን ልጅ እኔ አባቷ ስሸፍናት ከረምኩ።

ማፈሬን ግን አላስጨረሱኝም። ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ፣ የትኛው ሐይቅ ነው ይሄ?» አሉ።

«ሐይቅ?» አሉ አቶ ደቻሳ። «የምን ሐይቅ? የፍሳሽ ኩሬው ነዋ! የከተማው ሽንት ቤት የሚደፋበት።»

ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ አላዩም። ቀስ ብለው እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አሳረፉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «ዓሣ አለው?»

አቶ ደቻሳ ኩሬያቸውን ለማስከበር ቸኮሉ። «አለው እንጂ! በመጨረሻው ኩሬ አምባዛ አይጠፋም። ወፎቹ ሲውጡት በዓይኔ አይቻለሁ። ሰው ግን» ብለው ሳቁ፣ «ሰው ያንን አይበላም።»

ጋሽ ወልዴ አሁን አዩኝ። አስተያየታቸው እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፋም። ዓመት ሙሉ የበሉት ሁሉ፣ የጾሙም የፍስኩም፣ በፊታቸው ላይ ሲያልፍ ይታየኛል። ችግሬን ተመልከቱልኝ። ዝም ካልኩ የእድሬን ሊቀመንበር የፍሳሽ ዓሣ ያበላሁ ሰው ነኝ። ከተናገርኩ ደግሞ በአማቶቼ ሽማግሌዎች ፊት ዓመት ሙሉ የዋሸሁ ሰው ነኝ። የልጄ መልስ ደግሞ ያለው በእኚሁ በተቀየሙት ሰው አፍ ውስጥ ነው።

ተነሳሁ። «ጋሽ ወልዴ፣ በልደታ ማርያም» አልኩ፣ «ዓሣው ከጠመንጃ ያዥ ነው የተገዛው። አንዱም ከኩሬው አይደለም። ፍሳሽ ማለት አፍሬ ሐይቅ አልኩ፤ ሐይቅ ካልኩ በኋላ ዓሣ የግድ ሆነብኝ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እንግዲህ የውሸታም ልጅ አንወስድም ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ይወጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አቶ ደቻሳ ግን አንገታቸውን ደፉ። አጠገባቸው የቆሙት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሳብ ሲያደርጓቸው አየሁ። «ተወኝ» አሏቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

«እውነት ከወጣ አይቀር እኛም እናውጣ። ልጃችን ውሃ ላይ ይሠራል ብለን ልከን ነበር። ውሃ መሆኑ ውሃ ነው። ዮናስ የፍሳሽ መኪና ሹፌር ነው፤ ከየጉድጓዱ እየመጠጠ ኩሬው ላይ የሚደፋ። የተዋወቁትም እዚያው ነው። እሷ ስትቆጥር ወፎቹ እንዳይነሱባት ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃታል። ከኋላው አራት መኪና ተሰልፎ ጡሩምባ እየነፋ፣ ሹፌሮቹ እናቱን እየሰደቡበት፣ እሷ እጇን እስክታነሳለት ድረስ አይንቀሳቀስም።»

ግድቤ ፈረሰ። ቢጫው ቆብ በረረ። አሁን እዚህ ላይ ትልቅ ሰው መስዬ «ልቤ ወዲያው ተነካ» ብል ደስ ይለኝ ነበር። ልጁ ጨዋ መሆኑ ገብቶኛል። ግን የመጀመሪያው ሐሳቤ «አሁን ምን ብዬ ነው የማወራው?» የሚል ነበር። ከዚህ ላይ የቱን ቃል ይቀንሱታል? ጊዜ ፈለግኩ። ሁለት ሳምንቷን ፈለግኳት። ዓይኔን ወደ ጋሽ ወልዴ ወርውሬ «ቀጠሮ» የሚለውን በቅንድቤ ነገርኳቸው።

ጋሽ ወልዴ ምልክቴን በደንብ አይተውታል። ከወንበራቸው ተነሱ። ካባቸውን አስተካከሉ። ዓመት ሙሉ የተታለለ ሰው እንዲህ ያለ አጋጣሚ ስንት ጊዜ ያገኛል?

«ሰጥተናል!» አሉ።

በመጀመሪያው ቀን! ሳይማከሩ! «ጋሽ ወልዴ...» ብል «ዝም ነው ሥራህ» አሉኝ። የሽማግሌ ቃል ደግሞ ከወጣ አይመለስም። ጓዳ በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ የቆመችው አስቴር እልልታውን አቀለጠችው። ሹፌርነቱን ከመጀመሪያውም ታውቅ ኖሯል። በዚያ ቤት መሐንዲስ እየጠበቀ የነበረው እኔ ብቻ ነኝ። ህሊና ወጥታ የሁሉንም ጉልበት ሳመች፤ እኔ ጋ ስትደርስ አንገቴን አቅፋ «አባዬ፣ ጎሽ» አለችኝ። ለእሷ ስል እሰየው አልኩ። ጋሽ ወልዴም ከዚያ በኋላ ታረቁኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሬ ማልኩ። ሁለተኛ አንዲት ቃል አልቀንስም፤ የመጣውን እንዳለ ነው የምናገረው ብዬ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባል የለ?

ቀጥሎ የሰርጉ ቀን መጣ። በጥር እንደግሳለን አልኩ፣ እንደ ማንኛውም ክርስቲያን። ህሊና አይሆንም አለች። አማካሪዋ የአንድ ዓመት ቆጠራ አይበቃም፣ ድገሚው ብሏታል፤ ጥር ደግሞ ዳክዬ የሚበዛበት ወር ነው። ኅዳርስ? ገና እየገቡ ነው። ከፋሲካ በኋላስ? የሚሄዱበትን ቀን ማየት አለባት። ዮናስ አጠገቧ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። «ታዲያ መቼ?» አልኩ። «ሐምሌ» አለች። «ሐምሌ ላይ ወፍ የለም።»

ሐምሌ! የሰኔ ጾም ተፈትቶ ፍልሰታ እስኪገባ ባለችው ቀዳዳ። ድንኳኑ ዝናብ ሊያፈስ፣ ሙሽራዋ በቬሎ ስር ቦት ጫማ ልታደርግ። የልደታ ሰው ታዲያ ዝም ይላል? ማርያም ደጅ ስሳለም ሴቶቹ ከበው ይጠይቁኛል። ምነው በክረምት? ምን እንዲህ አስቸኮላችሁ? እኔም በመሐላዬ መሠረት እውነቱን አንድም ሳላጎድል እነግራቸዋለሁ። በጥር ከሩሲያ ዳክዬ ስለሚመጣብን ነው፤ ፍሳሽ ኩሬው ላይ፤ እሷ መቁጠር አለባት፤ ሙሽራውም ፍሳሽ ጭኖ የሚመጣው እዚያው ነው እላለሁ።

አይስቁም፣ አይከራከሩኝም። ከንፈራቸውን መጠጥ ያደርጉና ህሊና በዚያ ስታልፍ ሆዷን ያያሉ። ትናንትማ አንዷ አስቴርን ወደ ዳር ሳብ አድርጋ፣ በአዛኝ ድምፅ «ስንተኛ ወሯ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።